ሦስቱ ጣቢያ ያዦችና የበሯ አምፖል

ጠጋ በሉ። የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ዝም ይበል። የማወራው ድሮ የሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ዕቃ ሁሉ አፍ ነበረው፤ ሰው ግን ሥራ ይበዛበትና አይሰማም ነበር። እናንተ ትሰማላችሁ?

እንግዲያው ስሙ።

በአራት ተራራ መሃል፣ ሳህን ውስጥ እንደ ወደቀች ምስር፣ አንዲት ከተማ ነበረች። በከተማዋ ውስጥ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ነበረ። ስሙ ሉሌ ነው። ዕድሜው ስለ ገፋ ሁሉም ሰው ጋሽ ሉሌ ይለዋል። ሱቁ ጠባብ ናት። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ መደርደሪያ።

መደርደሪያው ላይ ሦስት ጣቢያ ያዦች ነበሩ። ጣቢያ ያዥ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ግማሽ ራዲዮ ነው። ድምፁን ከሰማይ ይይዛል፤ ማውጣት ግን አይችልም። የያዘውን ለማጉያ ይሰጣል። ማጉያው ለስፒከር ይሰጣል። ስፒከሩ ይናገራል። ማጉያ ከሌለ ጣቢያ ያዥ ሁሉን ሰምቶ ዝም እንደሚል ሰው ነው። የሱቁ ማጉያና ስፒከር ከመደርደሪያው ሥር ነው፤ ሦስቱም ከእሱ ጋር ተያይዘዋል።

የመጀመሪያው ጥቁር ብረት ለብሷል፤ ጥቁሩ ይሉታል። ሁለተኛው ፊቱ ወርቅ ቅብ ነው፤ ወርቅ ፊት ይሉታል። ሦስተኛው የእንጨት ቀፎ አለው፤ እንጨቴ ይሉታል። ሦስቱም ወደ ከተማዋ የመጡት በፈረንጅ ሳጥን ነው። በመጡበት ዘመን በዚያ ሰማይ የሚይዙት አንድም ጣቢያ አልነበረም። ብዙ ዓመት የያዙት ሿሿታ ብቻ ነው። እሱንም ይፎካከሩበት ነበር።

«የእኔ ሿሿታ ከሩቅ የመጣ ነው» ይላል ጥቁሩ።

«የእኔ ሿሿታ ንጹሕ ነው» ይላል ወርቅ ፊት።

«የእኔ ሿሿታ ለስላሳ ነው» ይላል እንጨቴ።

ሆዳቸው ውስጥ የመስታወት አምፖሎች ተሰክተዋል። ቤት የሚያበሩ አይደሉም። አውራ ጣት ያህላሉ፤ ሲግሉ ቀላ ይላሉ፤ ድምፅ ያቀባብላሉ። ከሁሉም ዋናዋ የበሯ አምፖል ናት። በአንቴናው ሽቦ የሚገባውን ደካማ ድምፅ በመጀመሪያ የምትቀበለው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ሌሎቹ ሥራ ፈት ናቸው።

የሦስቱም የበር አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል። በከተማዋ የቀረችው አንዲት ደህና የበር አምፖል ብቻ ናት። ጋሽ ሉሌ በጥጥ ጠቅልሎ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ያኖራታል። አንዱን ጣቢያ ያዥ መሞከር ሲፈልግ አውጥቶ ይሰካታል። ሲጨርስ ነቅሎ ወደ ጥጧ ይመልሳታል። ጠጋኝ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ ደህና ዕቃ ይዞ ለሁሉም ያዟዙራል። እሷም አርጅታለች። ሦስቱ ጣቢያ ያዦች እማማ ይሏታል።

ሐሙስ ዕለት ባዩ የሚባል ወጣት ወደ ሱቁ መጣ። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ።

«ጋሼ፣ ከተራራው ማዶ ያለውን ጣቢያ የሚይዝ ነገር አለዎት?»

«የእጅ ራዲዮ የለህም?»

«አለኝ። ሿሿ ይላል እንጂ አይናገርም። ይቺ ከተማ ጉድጓድ ናት።»

«ምን ልትሰማበት ነው?»

ባዩ ወለሉን አየ።

«ልጄን» አለ።

ጋሽ ሉሌ የያዘውን ብሎን መፍቻ አስቀመጠ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። የባዩ ልጅ ትርንጎ በጥቅምት ሞታለች። ስድስት ዓመቷ ነበር።

«ከመታመሟ በፊት የራዲዮ ሰዎች ትምህርት ቤት መጥተው ልጆቹን አናግረው ነበር» አለ ባዩ። «እሁድ ጠዋት በአራት ሰዓት ይለቁታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ካሴቱ ላይ ሌላ ይቀዱበታል። ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ አሠራራችን ነው አሉኝ።»

«ምን ብላ ነበር?»

«አላውቅም። ያን ዕለት ቤት ስትመጣ ጠየቅኋት። ሲወጣ ትሰማለህ አለችኝ። ከዚያ ታመመች፤ ደግሜ ሳልጠይቃት ቀረሁ።»

«እዚያው ጣቢያው ካለበት ከተማ ሄደህ ብትሰማውስ?»

«እኔማ እሄዳለሁ። እናቷስ? አራስ ናት። ከተገላገለች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። መኪና አይሆንላትም። እኔ ብቻዬን ሰምቼ ምን ብዬ ልመለስ?»

ጋሽ ሉሌ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ቤታችሁ እንዴት ነው?»

«ግራ የገባው ቤት ነው ጋሼ። ሰው ገንፎ ይዞ ይመጣል፤ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። እንኳን ማርያም ማረሽ ይበል፣ እግዜር ያጽናሽ ይበል ጨንቆት። አንዷ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ አለችው። አንዱ ምንም ሳይል ገንፎውን አስቀምጦ ወጣ። እኔም ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ትናንት አሜን ልል ስል እንዴት አደራችሁ አልኩ።»

«ማጉያና ስፒከር አለህ?»

«ከሠርጋችን የቀረ አለ።»

«እንግዲያው የጎደለህ ጣቢያ ያዥ ነው። ሦስት አሉኝ። እንስማቸውና የተሻለውን ውሰድ። ሰኞ ትመልስልኛለህ።»

ጋሽ ሉሌ አሮጊቷን አምፖል ከቆርቆሮው አወጣት። ጥቁሩ ውስጥ ሰካት። አበራው። ጥቁሩ ቀስ እያለ ጋለና ከተራራው ማዶ ያለውን ጣቢያ ያዘ። ከኋላው ደግሞ ሌላ ጣቢያ ያዘ። አንድ ሰው ስለ በግ ዋጋ ያወራል፤ ሌላ ሰው በላዩ ላይ ስለ ኳስ ያወራል።

«ማንኛው ነው የሚያወራው?» አለ ባዩ።

«ሁለቱም። ይሄ ሩቅ ይሰማል። ሩቅ ስለሚሰማ ሁሉንም ይሰማል።»

ጋሽ ሉሌ አሮጊቷን ነቀላት። ወርቅ ፊት ውስጥ ሰካት። አበራው። ወርቅ ፊት አንዱን ጣቢያ ከሌላው ለይቶ ያዘ። የበጉ ሰውዬ ብቻውን ቀረ። ድምፁ ግን ቀጠነ፤ አፍንጫውን ይዞ እንደሚናገር ሰው ሆነ።

«ሰውዬውን ጉንፋን ያዘው እንዴ?» አለ ባዩ።

«ይሄ ይለያል። ሲለይ ከድምፁም ይቆርጣል።»

ጋሽ ሉሌ አሮጊቷን ነቀላት። እንጨቴ ውስጥ ሰካት። አበራው። የበጉ ሰውዬ ሱቅ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ መሰለ። ሲተነፍስ ሳይቀር ተሰማ። ባዩ ዘወር ብሎ በሩን አየ። ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፁ ሸሸ፤ ሿሿታው ዋጠው። ጋሽ ሉሌ መዞሪያውን በጥቂቱ ነካ ሲያደርገው ተመለሰ። ደግሞ ሸሸ።

«ይሄ ጣፋጭ ነው» አለ ጋሽ ሉሌ። «ግን አንድ ቦታ አይቆምም። እየጋለ ሲሄድ ይሸሻል።»

«እና የትኛው ይሻላል?»

«ለሩቅ ጥቁሩ። ለመለየት ወርቅ ፊት። ለጣዕም እንጨቴ።»

«እኔ የምፈልገው ለልጄ ነው።»

«እሱን አላውቅም» አለ ጋሽ ሉሌ። «ቅዳሜ ተመለስ። እስከዚያ ላስብበት።»

ባዩ ሄደ። ጋሽ ሉሌ አሮጊቷን ወደ ጥጧ መለሳትና ወደ ውጭ ወጣ። ይሄኔ አሮጊቷ ከቆርቆሮው ውስጥ ተናገረች።

«ልጆቼ ስሙኝ። አምፖል የሚያረጀው በርቶ በቆየበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ባበሩት ቁጥር ያረጃል። ቀዝቅዤ ተኝቼ ሳለሁ በድንገት ስግል በውስጤ ያለው የሽቦ ክር ይሳሳል። ዛሬ ጠዋት የቀረኝ ሰባት ጊዜ መብራት ነበር። ሦስቱን አሁን ወሰዳችሁት። አራት ቀረኝ። እስከ እሁድ አትንኩኝ። የሰውየውን ነገር ሰምታችኋል።»

ጥቁሩ ወደ ወርቅ ፊት ዞረ።

«አንተ ነህ ያስጠናሃት።»

«ምኑን?»

«አራት ቀረኝ የሚለውን። እኔ ሁለተኛ እንዳልሞከር ነው።»

«እኔ ደግሞ አንተ ያስጠናሃት መስሎኝ ነበር» አለ ወርቅ ፊት።

«ሁለታችሁም ናችሁ» አለ እንጨቴ። «እኔ በጣፈጥኩበት ሰዓት ነው አርጅቻለሁ ማለት የጀመረችው።»

«ልጆቼ፣ ማንም አላስጠናኝም።»

«እማማ፣ እርስዎ ይረፉ» አሉ ሦስቱም።

ክፋት አልነበራቸውም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ጥቁሩ በሆዱ፣ «ለልጅቷ ድምፅ የምሻለው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ለሰውየው ስል መመረጥ አለብኝ» አለ። ወርቅ ፊት በሆዱ እንደዚሁ አለ። እንጨቴም በሆዱ እንደዚሁ አለ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ጋሽ ሉሌ በሩን ቆልፎ ወጣ። መስኮቱን ግን ሙቀቱ ይውጣ ብሎ አይዘጋም። ድንቢጥ መጥታ የአንቴናው ሽቦ ላይ አረፈች። ውሮ የምትባለው የሰፈር ድመት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች። ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ደግሞ እመት ጦጢት ወርዳ በመስኮት ገባች። እመት ጦጢት የጋሽ ሉሌን እጅ ብዙ ቀን በመስኮት ስታይ ኖራለች።

«እመት ጦጢት» አለ ጥቁሩ፣ «እጅ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። አሮጊቷን እኔ ውስጥ ሰኪያት። ከሦስታችን የሚሻለው ይለይ።»

«ማን ይፈርዳል?»

«ድንቢጥ ትፍረድ። እሷ ሰማይ ታውቃለች።»

«ልጆቼ፣ ተዉኝ» አለች አሮጊቷ።

እመት ጦጢት ቆርቆሮውን ከፈተች። ሰካች። አበራች። ጥቁሩ አንቴናውን ወጠረና ያለውን ሁሉ ያዘ። የማዶውን ጣቢያ ያዘ፤ የማዶ ማዶውን ያዘ፤ ሦስት ሰዎች ባንድ አፍ ተናገሩ።

«ጥቁሩ ይሻላል» አለች ድንቢጥ።

«ምን ሰማሽ?» አለ ወርቅ ፊት።

«ከሦስት ተራራ ማዶ ገብስ እየታጨደ ነው።»

«ስለ ድምፁ ነው የጠየቅሁሽ።»

«ድምፁን ምን አደርገዋለሁ? እኔ የፈለግሁት ገብሱን ነው።»

«ሦስት ቀረኝ» አለች አሮጊቷ።

«ይሄማ ፍርድ አይደለም» አለ ወርቅ ፊት። «የተራበ ዳኛ ነው። እመት ጦጢት፣ እኔ ውስጥ ሰኪያትና አንቺው ፍረጂ። ብልህ ነሽ እየተባለ ሲወራ ሰምቻለሁ።»

እመት ጦጢት ነቀለች። ሰካች። አበራች። ወርቅ ፊት ጣቢያውን ለየ፤ በቀጭን ድምፅ አንድ ሰው ብቻውን ተናገረ። እመት ጦጢት ፊቱ ላይ ተጠግታ ብዙ ቆየች።

«ወርቅ ፊት ይሻላል» አለች።

«ምን ሰማሽ?» አለ እንጨቴ።

«ምን እሰማለሁ፤ ፊቴን አየሁበት። ጆሮዬ ይሄን ያህል መሆኑን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።»

«ሁለት ቀረኝ» አለች አሮጊቷ።

«አንዷ ለሆዷ ፈረደች፣ አንዷ ለመልኳ ፈረደች» አለ እንጨቴ። «ውሮ ሆይ፣ አንቺ ዝምተኛ ነሽ። ለእኔ አንቺ ፍረጂ።»

«እኔ መነሳት አልፈልግም» አለች ውሮ።

«እላዬ ላይ ተጋደሚ። ከዚያው ሆነሽ ትሰሚያለሽ።»

እመት ጦጢት ነቀለች። ሰካች። አበራች። ውሮ እንጨቴ ላይ ዘላ ወጣችና ተጋደመች። እንጨቴ የያዘው ድምፅ ዛሬ እንደ ትናንቱ አልሞላም። ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ሩቅ ሆነ። እንጨቴ ነገሩ አላማረውም። ውሮ ግን ዓይኗን ጨፈነች።

«እንጨቴ ይሻላል» አለች።

«ምን ሰማሽ?» አሉ ጥቁሩና ወርቅ ፊት።

«አትቀስቅሱኝ። ሆዴ ሞቆልኛል።»

ከዚያ ዳኞቹ እርስ በርስ ተነታረኩ።

«የገብስ ወሬ ያላመጣ ምኑን ራዲዮ ሆነ?» አለች ድንቢጥ።

«ባለ ጆሮ እኔ፣ ፈራጅ አንቺ?» አለች እመት ጦጢት። «አንቺ ጆሮሽ የት እንዳለ እንኳ አይታይም።»

«ዝም በሉ፣ ልተኛበት» አለች ውሮ።

እዚህ ላይ እኔም ይምታታብኛል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። ጥቁሩ ገብሱን ሰምቷል፤ ወርቅ ፊት ያንጸባርቃል፤ እንጨቴ ይሞቃል። ግን ልጅቷን የጠቀሰ አንድም አልነበረም።

የበሩ ቁልፍ ሲንኳኳ ጦጢት አሮጊቷን ነቅላ ጥጡ ላይ ጣለቻትና በመስኮት ዘላ ወጣች። ድንቢጥም በረረች። ጋሽ ሉሌ ገብቶ ውሮን አባረራት፤ ሌላ ነገር አላስተዋለም።

«አንድ ቀረኝ» አለች አሮጊቷ።

በዚህ ጊዜ ያስጠናት አለ ያለ የለም። ሦስቱም የመጨረሻውን ድምፅ ሰምተዋል፤ መድከሙን ያውቃሉ።

«አንዷስ ብትሆን እስከ መቼ ታበራለች?» አለ እንጨቴ።

«አጭር ናት ልጄ። አራቱን ብትተዉልኝ ኖሮ ክሬ አይሳሳም ነበር። እሁድ ቁጭ ብዬ ሙሉውን አሰማቸው ነበር። አሁን የምችለውን ያህል ነው።»

«የጀመረው ጥቁሩ ነው» አለ ወርቅ ፊት።

«የጨረሰው እንጨቴ ነው» አለ ጥቁሩ።



ቅዳሜ ጠዋት ባዩ ተመለሰ። ዓይኑ አብጧል።

«ወሰኑ ጋሼ?»

«ሳስበው አደርኩ። ጥቁሩን እላለሁ፤ መለስ ብዬ ወርቅ ፊትን እላለሁ፤ ደግሞ እንጨቴ ይመጣብኛል። አንተስ?»

«እኔማ ከሐሙስ ጀምሮ ሁሉንም መርጫለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ደግመን እንስማቸውና ይለይልን።»

ጋሽ ሉሌ አሮጊቷን አወጣትና ጥቁሩ ውስጥ ሰካት። እጁ ወደ ማብሪያው ሄደ።

«እማማ» አለ ጥቁሩ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ከበራሁ ለነገ ምን ይቀርዎታል?»

«ምንም።»

«እኔኮ ከሁሉ ሩቅ እሰማለሁ። ነገ ሰውየው ቤት መሄድ ነበር የምፈልገው።»

«አውቃለሁ።»

ጋሽ ሉሌ ማብሪያውን ተጫነ። ጥቁሩ አሮጊቷ ሳትግል በፊት የራሱን ፊውዝ በራሱ ጥርስ በጠሰው። ጭል ያለ ነገር የለም። ጋሽ ሉሌ ከፍቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ፊውዙ ሄደ። የዚህ ልክ ደግሞ የለኝም። በል ወርቅ ፊትን እንይ።»

አሮጊቷን ነቅሎ ወርቅ ፊት ውስጥ ሰካት።

«እኔ አልበጥስም» አለ ወርቅ ፊት። «እንጨቴ ይበጥስ። እሱ የሚሸሽ ነው። የሚሸሽ ነገር ቀርቶ የሚለይ ነገር ይጣላል?»

«ልጄ፣ ጊዜ የለንም።»

«እኔ ብበጥስ እኮ እንጨቴ አሸነፈ ማለት ነው።»

«ነገ እዚያ ቤት አንተን የሚሰማ የለም» አለች አሮጊቷ። «እንጨቴንም የሚሰማ የለም። እኔንም የሚሰማ የለም። የሚሰሙት እሷን ነው።»

 ጋሽ ሉሌ ማብሪያውን ተጫነ። ጠብ ያለ ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ የወርቅ ፊት ፊውዝ ሄደ።

ጋሽ ሉሌ እጁን ሰበሰበ። መጀመሪያ ጥቁሩን አየ፤ ቀጥሎ ወርቅ ፊትን አየ፤ ቀጥሎ እንጨቴን አየ።

«ዛሬ እጄ ጥሩ እጅ አይደለም» አለ። «ሦስተኛውንም ብነካው ምን ይዘህ ትሄዳለህ? ሳልሞክረው ውሰደው።»

«ይሄ ይሻላል ማለት ነው?»

«አይደለም። የቀረው ይሄ ነው ማለት ነው።»

ጋሽ ሉሌ አሮጊቷን እንጨቴ ውስጥ ሰክቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው።

«ስማኝ ባዩ። ቀድመህ አትክፈተው፤ እንዳይዘገይብህም ለአራት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው አብራው። ይሸሻል ብዬሃለሁ። ጣቢያውን ከያዝክ በኋላ እጅህን ከመዞሪያው እንዳታነሳ። እሱ ሲሸሽ አንተ ተከተለው።»

እሁድ ጠዋት ባዩ የአንቴናውን ሽቦ በረጅም ባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ አስሮ ግቢው ውስጥ አቆመ። ማጉያውንና ስፒከሩን ከአልጋው አጠገብ አደረገ። ሚስቱ ዘርትሁን አልጋው ላይ ናት። ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ እያለቀሰ ነው።

«አሁን አብራው» አለች ዘርትሁን።

«ትንሽ እንቆይ።»

«ቢያልፈንስ?»

«ጋሽ ሉሌ ቀድመህ አትክፈተው ብሎኛል።»

ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው አበራው። አሮጊቷ ቀላ አለች። ክሯ ፀጉር ሆኗል።

«እንጨቴ፣ አትሽሽብኝ» አለች።

«መሸሽ አመሌ ነው እማማ። የምችለውን አደርጋለሁ።»

«የሰውየው እጅ አለ። እሱን ተደገፍ።»

ሿሿታው ለሁለት ተከፈለ። ሙዚቃ መጣ። ባዩ መሬት ላይ ተቀምጦ መዞሪያውን በሁለት ጣቱ ያዘ። አንድ ወንድ ልጅ ሾፌር እሆናለሁ አለ። አንዲት ልጅ ዘፈነች፤ መሃል ላይ ረሳችው፤ እንደገና ጀመረች። አሮጊቷ ደከመች። እንጨቴ ሊሸሽ ይላል፤ ባዩ ይከተለዋል፤ ይመለሳል።

«ይሄ ሁሉ ልጅ ከየት መጣ?» አለች ዘርትሁን።

«ዝም በይ፣ ዝም በይ።»

«ስምሽ ማነው?» አለ ጠያቂው።

«ትርንጎ ባዩ።»

ዘርትሁን ቀና ብላ ተቀመጠች። ሕፃኑን ከጎኗ አሳረፈችው። ልጅቷ እዚያው ክፍል ውስጥ የቆመች መሰለች። ከመናገሯ በፊት ምራቋን ስትውጥ ተሰማ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስድስት ሞላኝ።»

«አባትሽ ምን ይሠራል?»

«ይፈጫል። ሲመጣ ነጭ ነው።»

«ከአባትሽና ከእናትሽ ማንን ታስበልጫለሽ?»

«ይሄን ደግሞ ምን ብሎ ይጠይቃታል» አለች ዘርትሁን።

ትርንጎ ከመመለሷ በፊት ድምፁ መሸሽ ጀመረ። ባዩ መዞሪያውን ፀጉር ታህል አዞረ። ሿሿታው ገፋው። ደግሞ ፀጉር ታህል አዞረ። ልጅቷ ተመለሰች።

«አባዬ ብቻውን ሲሆን አባዬን። እማዬ ብቻዋን ስትሆን እማዬን።»

«ሁለቱም ሲኖሩስ?»

«ሁለቱም ሲኖሩ እንቅልፌ ይመጣል።»

ጠያቂው ሳቀ።

«ለምን?»

«ምክንያቱም» አለች ትርንጎ።

አሮጊቷ ጠፋች።

ባዩ መዞሪያውን ወደ ቀኝ አዞረ። ወደ ግራ አዞረ። ሿሿታ ብቻ ነው። እንደገና ወደ ቀኝ አዞረ።

«ሸሽቶ አይደለም» አለች ዘርትሁን። «ተወው።»

«ልትናገር ነበር።»

«ነበር።»

«ለምን እንደሆነ ልትነግረን ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

እንጨቴም ሰምቷል። ዓርብ በምሳ ሰዓት የጠፉትን ሦስት መብራቶች አሰበ። አንዱ የእሱ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አለ፤ ማጉያው ግን ከእሱ የተቀበለው ሿሿታ ብቻ ነበር፤ የሰጠውም እሱን ነው።

ባዩ ሶኬቱን ነቀለ። ቤቱ ጸጥ አለ። መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ አልጋው ተደገፈ፤ ዘርትሁን እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።  ሕፃኑ ማልቀሱን መተዉን ያስተዋሉት ኋላ ነው። ዘርትሁን ዝቅ ብላ አየችው።

«ተኝቷል» አለች።

እንግዲህ የትኛው ይሻል ነበር ብትሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥቁሩ ቢሄድ ልጅቷ ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅላ ትመጣ ነበር። ወርቅ ፊት ቢሄድ ምራቋን ስትውጥ ባልተሰማ ነበር። እንጨቴ ሄደና ይሄን ያህል ሰጣቸው። ምናልባት ይሻል የነበረው ጥያቄው ባይነሳ ነው፤ ይሄንንም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። የያዝኩትን ሰጠኋችሁ፤ ያመለጠኝን እናንተ ፈልጉት። ይቺን ግን ያዙልኝ፤

ሦስት በአንዲት አምፖል ሲፎካከሩ፣ የምታልቀው አምፖሏ ናት።